የማይምለው አናጢ

ወልቂጤ ውስጥ ሁለት ስም ነበረኝ። አንዱን ያወጡልኝ የአገር ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሌላውን ያመጣብኝ ትልቁ ልጄ ነው። በመጀመሪያው «የማይምለው አናጢ» እባል ነበር። በሁለተኛው «የኮሚሽነሩ አባት» እባላለሁ። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ጠፋ። እንዴት እንደጠፋ ልጻፈው። የልጅ ልጆቼ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ቢያነቡት ይሻላል።

የተወለድኩት ቸሃ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። አዲስ አበባ ሄጄ አንድ አናጢ ቤት ስቀጠር፣ ብርድ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፎ አገኘሁ። ፊደል የለየሁት ከዚያ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ማስታወቂያ» ነበር፤ ትርጉሙን ሳላውቅ ለሳምንት ያህል ስደጋግመው አሠሪዬ ያበድኩ መስሎት ነበር። ሙያ ይዤ፣ ማንበብ ይዤ፣ ጴንጤ ሆኜ ወደ ወልቂጤ ተመለስኩ። ከሦስቱ ዘመዶቼን ያስደነገጣቸው የመጨረሻው ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሲጣላ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ደም ሲፈስ እንኳ፣ ነገሩ ዛፍ ሥር ይቀርባል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሁለቱም ወገን ይሰማል፣ በመጨረሻም መሐላ አለ። ምስክርም ይምላል፣ ዋስም ይምላል። ያልተማለበት ቃል ዛፉ ሥር እንደ ወሬ ነው የሚቆጠረው። እኔ ደግሞ አልምልም። እምነቴ አይፈቅድም። እምነቴ ቢፈቅድ እንኳ አልምልም፤ እውነት ለመናገር መሐላ የሚያስፈልገው ሰው ሳይምል ሲቀር ምን ሊናገር እንደሚችል አስቡት።

መጀመሪያ ጊዜ አልምልም ስል ሳቁብኝ። «ጴንጤው ምላሱ ከበደው!» አለ አንዱ። ጉዳዩ የታላቅ ወንድሜና የጎረቤቱ የእንሰት ወሰን ነበር፤ የተጠራሁትም ለወንድሜ እንድመሰክር ነው። «ወሰኑን የገፋው ወንድሜ ነው» አልኩ። ሳቁ ቆመ። ወንድሜ እስኪሞት ድረስ በሙሉ ዓይኑ አላየኝም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት ሽማግሌ ተራዬ ሲደርስ እጃቸውን ያነሡና «እሱን ተዉት፣ ይናገር ብቻ» ይሉ ነበር። በዚያ ሁሉ አገር ሳይምል የሚታመን እኔ ብቻ ነበርኩ። ኩራት ነው ብትሉኝ አልክድም። ከእንጨት ቤቴ ሌላ ያፈራሁት ሀብት ይህ ነው።

ልጄ ይህን ሁሉ ሲያይ ነው ያደገው። የሽማግሌ ነገር ይወድ ነበር። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ፖሊስ ሲመለምል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ፈትቶ ነበርና ተመዘገበ። እናቱ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ነገር ግን ሊሄድ ሲል በር ላይ አቁሜ «የምትለብሰው ልብስ የመንግሥት ነው፣ እጅህ ግን የእኔ ነው፤ አታበላሽብኝ» አልኩት። «እሺ አባባ» አለ። በዚያን ጊዜ ከልቡ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ምድቡ ቡታጅራ ሆነ። ጣውላ ልገዛ በሄድኩበት የገበያ ቀን ጣቢያው ጎራ አልኩ። በረንዳው ላይ በርበሬ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሙስሊምና አንድ ጎረምሳ ደላላ ይጨቃጨቃሉ፤ ልጄ መሀላቸው ቁጢጥ ብሏል።

«ሐጂ፣ ይሄ ልጅ ሰደበኝ ነው የሚሉት ወይስ ገፈተረኝ?»

«ሁለቱንም! መጀመሪያ ሰደበኝ፣ ስድቡ ሳያልቅ ገፈተረኝ።»

«ስድቡ ረጅም ነበር ማለት ነው» አለ ልጄ። ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ፣ ደላላውም ሳቀ። ከዚያ ደላላውን አስነሥቶ የሽማግሌውን ጉልበት አስያዘው። ሐጂ «ወላሂ፣ ይሄ ፖሊስ የሰው ልጅ ነው» እያሉ ጆንያቸውን ተሸክመው ሄዱ። እኔ ጥግ ቆሜ ነበር። ያን ቀን ጣውላዬን ሳልከራከር ገዛሁ፤ ደስታ ሲበዛብኝ መከራከር አልችልም።

እንዲህ አድርጎ ጀመረ። ሰዎች ሁሌም እንዲሁ ነበር ሲሉኝ አልቀበልም፤ አልነበረም። ክፉ ሆኖ የተወለደ ልጅ ቢሆን ኖሮ የሚቆጨኝ ያነሰ ነበር።

ከሳጅን ወደ ኢንስፔክተር አደገ፣ ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ፣ እዚያው በፌዴራል ቀረ። ኮማንደር ሲሆን እኔ ከሬዲዮ ጥገና ቤት ነው የሰማሁት። ማዕረጉ በጨመረ ቁጥር ስልኩ አጠረ። መጀመሪያ የእናቱን ጉልበት ሕመም ይጠይቅ ነበር፤ በኋላ «ሁሉም ደህና?» ብቻ ሆነ። የወረዳው ሹማምንት ግን ሰላምታቸውን ያረዝሙልኝ ጀመር። የምሠራውን ቁም ሣጥን ሳያዩ «እጅዎ ይባረክ» የሚሉ ሰዎች በዙ። እንጨት የማያውቅ ሰው እንጨቴን ሲያመሰግን ያመኛል።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ባለው ጊዜ ነው ነገሩ የመጣው። ከተማው ውስጥ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አጥር የሚለየን ጎረቤታችን አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ አስተማሪ ነው፤ ከልጄ ጋር በአንድ ዴስክ ተምሮ፣ በአንድ ትሪ በልቶ ያደገ። በስብሰባው ተነሥቶ ሌላው በልቡ የያዘውን ተናገረ። ሲወጡ ወጣቶች የወረዳውን ጽሕፈት ቤት መስታወት ሰበሩ። ድንጋይ የወረወረው እሱ አልነበረም፤ ነገር ግን የሚፈለገው እሱ ሆነ። ወዲያውኑ ወደ ቸሃ ወጥቶ ዘመዶቹ ዘንድ እንሰት ውስጥ ተደበቀ።

እናቱ ሱቄ ድረስ መጣች። መጋዝ እየሳብኩ ነበር፤ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ልጅህ ትልቅ ሰው ነው።»

«ነው ይላሉ።»

«ልጄን ያውቀዋል። ጡቴን ብቻ ነው ያልተጋሩት። ጠይቅልኝ።»

ደወልኩ።

«አባባ፣ ሁሉም ደህና?»

«የጎረቤታችን ልጅ ጉዳይ ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«የት እንዳለ ልነግርህ አይደለም የደወልኩት። ቢወጣ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም። ጣቢያ ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል፣ እናቱ ቤት ገብቶ ያድራል። ጸጉሩን የሚነካው የለም።»

«ይህን የምትለኝ እንደ ፖሊስ ነው እንደ ልጄ?»

ሳቀ። «ምን ይለየዋል?»

«ለእኔ ይለየዋል።»

«እንደ ልጅህ ነው አባባ።»

ይህን ቃል ይዤ ወደ ቸሃ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። አስተማሪው ከእንሰቱ መሀል ወጣ፤ ጢሙ አድጎ፣ የሰው ጋቢ ለብሶ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል «አባባ፣ ከእንሰት ግንድ ጋር ስተኛ ከርሜ እንጨት መስያለሁ፤ ጣውላ ነው ብለው እንዳይላጉኝ» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ሰው ፈርቶ ሲቀልድ ድምፁ ይቀጥናል፤ የእሱም ቀጥኖ ነበር።

በደንባችን መሠረት እርጥብ ሣር ተቆርጦ በእጁ ተሰጠው። ያንን ሣር የያዘ ሰው በሽማግሌ ቃል መንገድ ላይ ነውና ማንም አይነካውም። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ማሉ፤ ብንክድህ ዘራችን አይብቀል፣ ከብታችን አይርባ እያሉ። አስተማሪው ሁሉንም ሰምቶ ወደ እኔ ዞረ። ሌሎቹ የማሉት ስለማያውቁት ነገር ነው፤ ከፖሊሱ ጋር የተነጋገርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይህንን ሁሉም ያውቃል።

«ትመለሳለህ። እናትህ ቤት ታድራለህ» አልኩት።

«በቃ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «የማይምለው ተናግሯል። እንነሣ።»

ልጄ ጠዋት ደውሎ በየት በኩል እንደምንመጣ ጠይቆኝ ነበር። ሰው ልኬ ላስቀብላችሁ ብሎ ነው። ነገርኩት። ከቸሃ በሚኒባስ ወረድን፤ አስተማሪው ከእኔ አጠገብ፣ ሣሩን ጭኑ ላይ አድርጎ። ጉብሬ ስንደርስ ባጃጆቹ ከተደረደሩበት ፊት ለፊት አንድ ፒካፕ መንገዱን ዘጋ። ፖሊሶች ወረዱ። መሪያቸው በሩን ከፍቶ መጀመሪያ ለእኔ ሰላምታ ሰጠ፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ተረከዙን ገጭቶ።

«አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ። አለቃ ሰላም ብለውዎታል።»

ከዚያ የአስተማሪውን ክንድ ያዘ።

«ይህ ሰው በሽማግሌ እጅ ነው ያለው» አልኩ። «እኔ ነኝ የያዝኩት።»

«አውቃለሁ አባባ። እርስዎ እንደሚያመጡት ተነግሮኛል። ትእዛዝ ነው።»

አስተማሪው አልታገለም። ሲያወርዱት ዞር ብሎ አየኝ፤ በዚያ ዓይን ውስጥ ቁጣ ቢኖር ደስ ባለኝ። ሣሩን ዘረጋልኝና «ይያዙልኝ አባባ፤ እዚያ ሲፈትሹኝ ይወድቃል» አለ። ያዝኩለት። ሚኒባሱ ወደ ወልቂጤ ቀጠለ። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ እኔን ዘሎ አለፈ።

በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባሁ። የልጄ ቢሮ ከአንዱ በር ኋላ ሌላ በር፣ ከሌላው በር ኋላ ደግሞ ሌላ በር ነበረው። ተነሥቶ ሊስመኝ መጣ፤ እጄን ዘርግቼ አቆምኩት።

«የት ነው ያለው?»

«ምርመራ ላይ ነው። ተቀመጥ አባባ፣ ሻይ ይምጣልህ።»

«እናቱ ቤት ያድራል ብለኸኛል።»

«እኛ የምንሠራው በሕግ ነው፤ በሽምግልና አይደለም።»

«በሕግ ከሆነ በሕግ አትፈልገውም ነበር? ተራራውም እንሰቱም እዚያው ነው፤ ፖሊስህም ብዙ ነው። ለምን በእኔ?»

መጀመሪያ ወረቀት ነካካ። ከዚያ ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፤ ቃሉን አልረሳሁትም። «ለሌላ ሰው አይወጣማ፣ አባባ። ብናስስ ሰው ይጎዳል፣ ጥይት ይተኮሳል። አንተ ብትናገር ግን ይወጣል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ደም ሳይፈስ አለቀ፤ ልትደሰት ይገባል።»

ትክክል ነው፤ ያን ቀን ደም አልፈሰሰም። ይህን ሳልጽፍ ብቀር እዋሻለሁ። ነገር ግን አስቡት፤ ቡታጅራ በረንዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሰው ያስታረቀበትን ያንኑ እውቀት ነው የተጠቀመበት። ሽማግሌ እንዴት እንደሚታመን ያወቀው ከእኔ ነው። ባያውቅ ኖሮ ሊያደርገው አይችልም ነበር። አባቶች ልጅ ስታስተምሩ መልካሙን ብቻ የሚወስድ አይምሰላችሁ፤ መሣሪያውን ይወስዳል፣ ምን ሊሠራበት እንደሚችል የምታውቁት በኋላ ነው።

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ረዳት ኮሚሽነር ሆነ። በቴሌቪዥን ማዕረጉን ትከሻው ላይ ሲለጥፉለት አየን። የወረዳው ሰዎች ሱቄ ድረስ መጥተው «እንኳን ደስ አለዎት» አሉኝ። በዚያኑ ሰሞን አንድ ጠዋት ደጄን ስከፍት በርጩማ ተቀምጦ አገኘሁ። ልጇ ፈተና ባለፈ ጊዜ ለጎረቤታችን ሠርቼ የሰጠኋት ነው። አጥባ፣ በጨርቅ ወልውላ ነው የመለሰችው። ስድብ የለበት፣ እርግማን የለበት። ከዚያ ወዲህ አጥሯ ጋ ስደርስ ወደ ውስጥ ትገባ ነበር፤ እኔም በሌላ መንገድ መሄድ ለመድኩ።

ወራት አልፈው ዛፉ ሥር ተጠራሁ። ተራ ጉዳይ ነው፣ የሁለት ወንድማማቾች የግጦሽ ጠብ። ያየሁትን እንድመሰክር ነው። ተራዬ ሲደርስ እንደ ለመድኩት ተነሥቼ መናገር ጀመርኩ።

«ማል» አለ አንድ ሰው።

በዕድሜ ከልጄ የሚያንስ ነው። ወደ ትልቁ ሽማግሌ ዞርኩ። እጃቸውን ያነሣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነበር። መሬት መሬት እያዩ «ደንቡ እንደዚያው ነው መቼስ» አሉ።

«እኔ እንደማልምል ታውቃላችሁ።»

«ድሮ እናውቅ ነበር» አለ ያው ሰው። «ድሮ ጉብሬ ላይ ፖሊስ አልቆመም ነበራ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ልማል? አሰብኩበት፤ የማላስብ ሰው አልነበርኩም። ብምል መቀመጫዬ አይወሰድም፤ እንደማንኛውም ሰው እሆን ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ብምል በፊት የተናገርኩት ሁሉ መሐላ የጎደለው ሆኖ ይቀራል፤ ወንድሜን ያጣሁበት ምስክርነት ሳይቀር። ዱላዬን አንሥቼ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ የጠራኝ የለም።

ልጄ እያደገ ሄደ። ምክትል ኮሚሽነር ሆነ፤ የአገሪቱን ፖሊስ ከሚያዙት አንዱ ሆነ። በየዓመቱ ለመስቀል በሁለት መኪናና በአጃቢ ይመጣል፤ በሬው ቀድሞ ይላካል፤ የከተማው ሹም ሁሉ ተሰልፎ ክትፎ ይበላል። እኛ ቤት ደመራም ጸበልም ባይኖር፣ ጉራጌ ነንና ለመስቀል መሰባሰባችንን አልተውንም። የአባቶችን ደንብም አልተውኩም፤ ሥጋው ከመቆረጡ በፊት የቤቱ አባት ቢላዋውን ይዞ «ከሰው የተጣላ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጣላ ካለ ሳይታረቅ አይበላም። በየዓመቱ ጠየቅሁ። በየዓመቱ ልጄ ከሁሉ ቀድሞ «የለም አባባ» ይላል። አጥሩ ማዶ ያለችው እናት ድምፁን ትሰማለች። እኔም ቆርጬ እሰጣለሁ። እጄ እየቆረጠ አፌ አይበላም ነበር፤ ጥርሴ ነው እያልኩ።

አስተማሪው የተፈረደበትን ጨርሶ ወጣ። ግራ እጁ እንደ ድሮው አይዘረጋም። ወደ ማስተማር አልመለሱትም። ቡታጅራ ሄዶ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ ከፈተ፤ እናቱንም ወሰዳት።

ደርግን የተካው የግንባሩ መንግሥት መጨረሻ አካባቢ፣ ሹማምንቱ አንዱ ሌላውን ከሥልጣን ማንሣት ሲጀምሩ፣ ልጄም ተነሣ። በጡረታ ተባለ። በዚያ ዓመት መስቀል የመጣው በሚኒባስ ነው። ሹሞቹ አልመጡም። ጎረቤትም አልመጣም፤ ድሮም የመጣው ለመኪናው ነበር። በሬው ታርዶ ቤተሰብ ብቻ ተቀመጥን። ቢላዋውን ያዝኩ።

«ከሰው የተጣላ አለ?»

ልጄ ቢላዋውን አየ። ጸጉሩ ሸብቶ ነበር። ከዚያ «አለ አባባ» አለ። እናቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ያን ቀን ሥጋ አልተቆረጠም።

ወልቂጤ ቤት ሠርቼ ልኑር ይላል፤ በአገሩ መሬት ላይ ሰላም የሚለው አጥቶ መኖር አልቻለም። ሽማግሌ ላክልኝ አለኝ። የምልከው ሽማግሌ የለኝምና ራሴ ቡታጅራ ሄድኩ። አስተማሪው ሱቁ ውስጥ ደብተር እየደረደረ ነበር። ሲያየኝ ተነሥቶ በጤነኛው እጁ ወንበሩን ጎተተልኝ።

«ይቀመጡ አባባ። እርስዎ እዚህ ቤት አይቆሙም።»

«ልጄ ልኮኝ ነው የመጣሁት።»

«ገብቶኛል። ለመስቀል ካልሆነ የተጣሉት ሰው አይታወስም» ብሎ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «እኔ ይቅርታ አልከለክልም። ሲያስርቡኝ እንኳ አብረን የበላንበትን ትሪ አስታውስ ነበር። ግን ሽማግሌ አይላክብኝ። ዋስም አይጠራ፣ ሣርም አይያዝ። እናቴ ጓዳ አለች። ራሱ፣ ብቻውን ይምጣና ደጃፌ ላይ ይቁም። የምለውን ያኔ እላለሁ።»

ይህን ይዤ ተመለስኩ። ልጄ ሱቄ ውስጥ፣ መላጊያው ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ይጠብቀኝ ነበር። የተባለውን ቃል በቃል ነገርኩት።

«ብቻዬን?» አለ። «ወንድሞች አሉት፣ የአጎት ልጆች አሉት። ሄጄ ቢደበድቡኝስ? ቢገድሉኝስ?»

«አላውቅም።»

«አንተን ምን አለህ? ፊቱ እንዴት ነበር? አንተ ታውቀዋለህ አባባ። ምንም አይነኩህም በለኝና ልሂድ። አንተ ካልከኝ እሄዳለሁ።»

ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም፤ የሚለውንም ራሱ አልሰማውም መሰለኝ። እንደዚያ እንደ አስተማሪው ወደ እኔ ዞሮ፣ ከእኔ አፍ አንድ ቃል ይጠብቃል። የአገሪቱን ፖሊስ ያዘዘ ሰው የሚፈልገው ዋስትና ያ ያልተማለበት ቃሌ ነበር።

«የለኝም» አልኩት። «ጉብሬ ላይ ጨርሰኸዋል።»

ከጠረጴዛው ተነሣ። ኮቱን አራገፈ፤ የእንጨት ብናኝ ይዞት ነበር። ወደ ቡታጅራ ይሂድ ወደ አዲስ አበባ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መናኸሪያው ጋ እስኪደርስ ደጄ ላይ ቆሜ አየሁት። ከዚያ መላጊያዬን አነሣሁ፤ ጓዳ ያስቀመጥኩት የዚያች እናት በርጩማ አንድ እግሩ ላልቷልና እሱን መጠገን ጀመርኩ።